በአንድ ቃል የተመዘነች የኪስ መዝገበ ቃላት

ሐዋሳ ላይ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጉት ዘንድ የማትጠፋ ዕቃ አለች፤ መዳፍ የምታክል፣ ሽፋኗ የሚያብለጨልጭ እንግሊዝኛ–አማርኛ የኪስ መዝገበ ቃላት። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል የገባለት ወላጅ ቶሎ የሚገዛው እሷን ነው። ዋጋዋ አይጎዳም፣ ለመያዝ ትመቻለች፣ የቃላቷም ብዛት አያሳፍርም። መታየት ያለበት ተማሪው ከእሷ ያገኘውን ይዞ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል ወይ የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ ከባድ ቃል መፈለግ አያሻም። ከባዱ ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትርጉም ስላለው የትኛውም መዝገበ ቃላት ይወጣዋል። የሚያጋልጠው የዘወትር ቃል ነው፤ ለምሳሌ ‹ፕሪቴንድ›። ከጎኑ የተጻፈው ‹አስመሰለ› ብቻ ነው። ከኋላው ምን እንደሚከተል አይልም፣ ምሳሌ የለውም፣ አነባበቡም አልተጠቀሰም።

‹አስመሰለ› ስህተት አይደለም፤ ግን በእኛ ቋንቋ ብዙ ሥራ ያለበት ግስ ነው። ሰዓሊ የሰው ፊት አስመስሎ ይስላል፣ አጭበርባሪ የሌላ ሰው ፊርማ አስመስሎ ይፈርማል፣ ፈተና የፈራ ተማሪ የታመመ ያስመስላል። ‹ፕሪቴንድ› የሚሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው። ‹መሰለ› ደግሞ የመልክ መመሳሰልንም ስለሚይዝ፣ ‹አባቱን ይመስላል› ሊል ፈልጎ ‹ሂ ፕሪቴንድስ ሂዝ ፋዘር› ብሎ የሚያስረክብ ተማሪ አይጠፋም። የእንግሊዝኛ መምህር ደብተሩን ሲያርም ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አይቸገርም።

እዚያች ጠባብ መስመር ላይ ሊጨመር የሚገባው የአገባቡ ቅርጽ ነበር። ከቃሉ በኋላ ‹ቱ› እና ያልተረባ ግስ ይመጣል። ነገሩ ሁኔታ ወይም ሙያ ከሆነ ‹ቱ ቢ› ይገባል፤ የተኛች መሰለች ለማለት ‹ሺ ፕሪቴንዲድ ቱ ቢ አስሊፕ›፣ ሐኪም ነኝ ብሎ አታለለ ለማለት ‹ሂ ፕሪቴንዲድ ቱ ቢ ኤ ዶክተር›። ተማሪ እዚህ ላይ ‹ቱ ቢ›ን ጥሎ ‹አዝ› የሚከተው በአማርኛ ‹እንደ ሐኪም ሆኖ› ብሎ ስለሚያስብ ነው። እያነበበ ያለ ከመሰለ ‹ቱ ቢ ሪዲንግ›፣ አንብቦ የጨረሰ ከመሰለ ደግሞ ‹ቱ ሃቭ ሬድ› ይሆናል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማስከተል የፈለገ ‹ዛት› ይጨምራል፤ ‹ዛት› ቢቀርም ያስኬዳል። ‹ፕሪቴንድ ስሊፒንግ› ግን አያስኬድም።

ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው አፍራሹ፣ ማለትም አሉታዊው አነጋገር ነው። ባጃጅ ነጂው ኪሱ ሙሉ ሳንቲም እያለ ዝርዝር የሌለው ከመሰለ ‹ሂ ፕሪቴንዲድ ኖት ቱ ሃቭ ቼንጅ› ነው። ‹ሂ ዲድንት ፕሪቴንድ ቱ ሃቭ ቼንጅ› ያለ ግን ሰውየውን ነጻ አውጥቶታል፤ ዝርዝር አለኝ ብሎ አላታለለም ማለት ነው። መለያው ቀላል ነው። አማርኛው ላይ አፍራሹ ከፊተኛው ግስ ጋር ከሆነ፣ ማለትም ‹ያልሰማ መሰለ›፣ ‹ያላየ መሰለ› ከተባለ፣ ‹ኖት› ከ‹ቱ› በፊት ይቀመጣል። አፍራሹ ኋለኛው ላይ ካረፈ፣ ‹የሰማ አልመሰለም› እንደሚባለው፣ ‹ዲድንት› ይቀድማል። ይህች ማስታወሻ ሁለት መስመር አትሞላም፤ የኪሷ መዝገበ ቃላት ግን ለአንዲቷም ቦታ አልሰጠችም።

አነባበቡም ቢሆን ዝም መባል አልነበረበትም። ጠበቅ ብሎ የሚነበበው ሁለተኛው ክፍል፣ ‹ቴንድ› ነው። ያለፈው ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፤ ፕሪ፣ ቴን፣ ዲድ። የመጨረሻዋን የሚውጥ ሰው ያለፈውን እንደ አሁን አድርጎ ይናገራል።

ወደ ቤተሰቦቹ ስንሄድ ነገሩ ይብሳል። ‹ፕሪቴንደር› የሚለው አጠገብ ‹አስመሳይ› ተጽፏል። የታሪክ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1745 ስኮትላንድ ውስጥ ያመፀው ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት ‹ያንግ ፕሪቴንደር› መባሉን ሲያይ ወጣት አስመሳይ ብሎ ይረዳዋል። እዚያ ላይ ቃሉ የዙፋን ይገባኛል ባይ ማለት ነው። ይህ የድሮው ‹ነኝ ማለት› የሚል ፍቺ ዛሬም አልሞተም፤ ‹አይ ዶንት ፕሪቴንድ ቱ ቢ አን ኤክስፐርት› የሚል ሰው አዋቂ ነኝ አልልም እያለ ነው። ‹ፕሪቴንሽየስ› ደግሞ ውሸታም ሳይሆን የሌለውን ክብር ለራሱ የሚቆልል፣ በእኛ አባባል ታይታ የሚወድ ነው። ስሙ ‹ፕሪቴንስ› በእንግሊዞች አጻጻፍ በሲ፣ በአሜሪካኖች በኤስ ይጻፋል፤ አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ነው።

‹ፌን› እና ‹ፌክ› የሚሉትም ሁለቱም ‹አስመሰለ› ተብለው ታልፈዋል። ልዩነታቸውን ከኳስ ሜዳ መማር ይቻላል። የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 12 ዳኛን ለማሳሳት የሚሞክር ተጫዋች ቢጫ ካርድ እንደሚያይ ሲደነግግ ሁለት ግሶችን ጎን ለጎን ይጠቀማል፤ ጉዳት ለማስመሰል ‹ፌን›፣ ጥፋት ተሠራብኝ ለማለት ‹ፕሪቴንድ›። ‹ፌን› ስም በቀጥታ ያስከትላል፣ ወግ ያለው የጽሑፍ ቃል ነው፤ ሕመም፣ ድንጋጤ፣ ጉዳት ይከተለዋል። ‹ፕሪቴንድ› ‹ቱ›ን ይጠራል። ‹ፌክ› እንደ ‹ፌን› ስም ያስከትላል፣ ግን የሠፈር አነጋገር ነው፤ የሐሰት ሰነድ መሥራትንም ይጨምራል።

ከሁሉም የሚያስቆጨው የአማርኛው በኩል መራቆቱ ነው። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ሀብታም ነው። እያየ ላላየ ‹እንዳላየ አለፈ› አለ፣ ለወጉ ያህል ለሚደረግ ‹ለይስሙላ› አለ፣ ለውሸት ሐዘን ‹የአዞ እንባ› አለ፣ ጤነኛ ሆኖ እብድ ለሚሆን ‹አውቆ አበድ› አለ። ‹አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም› የሚለው ተረት ውስጥ ያለው ‹አውቆ› ብቻውን ‹ፕሪቴንድ›ን ይሸከማል። ልጆች ‹ሌትስ ፕሪቴንድ› ሲሉ ደግሞ የሚታለል ሰው የለም፤ እቃ እቃ ሊጫወቱ ነው። ‹አስመሳይ› በእኛ ዘንድ ስድብ ነው፤ የእንግሊዝኛው ግስ ግን ክፋት ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። ይህን ሳያውቅ የልጆች ታሪክ የሚተረጉም ሰው የአምስት ዓመት ሕፃን አጭበርባሪ አድርጎ ቁጭ ይላል።

ቃልን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስቀመጡ መተርጎም ለአማርኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሴማዊ ቋንቋዎች ተመራማሪው ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የተመሠረተው በዚሁ ዘዴ ነው። ትልቅና ውድ መጽሐፍ ስለሆነ ከኪሷ መዝገበ ቃላት ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ዘዴውን መበደር ግን ዋጋ አያስከፍልም ነበር።

የስልክ ተርጓሚን በተመለከተ፣ ነጠላ ቃል ብቻ ከሰጡት ከኪሷ መዝገበ ቃላት ብዙም አይሻልም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይስጡት፣ የመለሰውን አማርኛ ደግሞ መልሰው ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙት፤ ‹ኖት› ቦታውን ከቀየረ አይመኑት። ለተማሪ ተብለው የሚዘጋጁት እንግሊዝኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከቃሉ በኋላ ምን እንደሚከተል ስለሚያሳዩ፣ ከአሥረኛ ክፍል በላይ ላለ ልጅ ገንዘቡን እዚያ ላይ ማዋል ይሻላል።

የኪሷ መዝገበ ቃላት ሲያነቡ ያልገባን ቃል ቶሎ ለማየት ትበቃለች፤ ለመጻፍ አትበቃም። የሚገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት፣ ላይ ላዩን ሳይሆን መሐሏን ገልጠው የገጽ ቁጥሮቿን ይከተሉ። በእንዲህ ዓይነት ርካሽ ኅትመት አንድ ጥራዝ፣ ማለትም 16 ገጽ ያህል፣ ሊዘል ወይም ሁለቴ ሊገባ ይችላል። ሙጫዋ ደካማ ስለሆነ ጀርባዋን አጥብቆ መለጠጥ ቅጠሎቿን ያረግፋል። ፎቶ ኮፒ ከሆነች ደግሞ በደቃቅ የተጻፉት የ‹ግስ› እና የ‹ስም› ምልክቶች መነበባቸውን ይዩ፤ ቀድመው የሚደበዝዙት እነሱ ናቸው።