የሚስተር ቢን ሁለት ፊልሞች፦ የትኛው ይሻላል?

የእንግሊዙ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ገጸ ባሕርይ የሚስተር ቢን ወዳጆች በዚህ ጉዳይ አይስማሙም።

የ1997ቱ (እ.ኤ.አ.)፦ ቢን ሎስ አንጀለስ ይሄዳል። ታሪኩ ጠንከር ያለ ነው፤ ግን የሚያስተናግደው ቤተሰብ ጣጣ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢንም ከለመድነው በላይ ያወራል። ታዋቂው ሥዕል ላይ አስነጥሶ፣ ቀለም በነካው መሐረብ ሲጠርገው የሚያሳየው ፊት ግን ራሱ የቴሌቪዥኑ ቢን ነው።

የ2007ቱ፦ ፈረንሳይ። ታሪኩ ሳሳ ይላል፤ ንግግሩም ጥቂት ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ኦይስተሩን (ከነቅርፊቱ ጥሬውን የሚቀርብ የባሕር እንስሳ) መዋጥ ሲያቅተው፣ አጠገቡ በተቀመጠች ሴት ቦርሳ ውስጥ ሲገለብጠው... ስንቴ እንዳየሁት! ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን በፊቱና በትከሻው ብቻ ያስቃል።

ከልጆች ጋር ወይም እንግሊዝኛ ከማይሰማ ሰው ጋር ለማየት ሁለተኛው። ጥሩ ታሪክ ለሚፈልግ የመጀመሪያው። የቴሌቪዥኑን አጫጭር ክፍሎች ጭራሽ ያላየ ግን በእነሱ ይጀምር።