ለማታ ተሽጦልኝ ለቀን የሆነልኝ ቴሌስኮፕ

ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ላይ ያለችው ያቺ ጥቁር ነጥብ ተመልሳ መጣች። ይህን የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው። እሷ ባትመጣ ኖሮ ስለዚህ ቴሌስኮፕ የሚወጣኝ ምሬት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ደስ ብሎኛልና ምሬቱን ቀነስ አደርገዋለሁ።

ዕቃው ተራ ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊሜትር፣ የቱቦው ርዝመት 70 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ሁለት የዓይን ሌንሶች፣ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር የሚርገፈገፍ ባለሦስት እግር ማቆሚያ። ዋጋው የወር ደሞዜን ሊጨርስ ትንሽ ነው የቀረው። ካርቶኑ ላይ ሐምራዊ ጋላክሲና የሳተርን ቀለበት አለ፣ ከጎኑ ደግሞ «525 እጥፍ ያጎላል» ይላል። ሻጩም ያንኑ ደገመልኝ። ማታ ማታ ጣራ ላይ ወጥተህ ጋላክሲ ታያለህ አለኝ።

የቱን ጋላክሲ ነው ወንድሜ? እኔ የምኖረው በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ነው። እዚህ ሰፈር ከሚበራው መብራት ብዛት ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ነው የሚያድረው። ጨረቃ ትታያለች፣ ጁፒተርና አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹም ይታያሉ፣ እሱስ እሰየው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አንገት እስኪያም ፍለጋ ብቻ። 525 እጥፍ የሚባለውን ደግሞ ተዉት። በዚህ ስፋት ሌንስ ከ140 እጥፍ በላይ ከሄድክ የምታየው የጎላ ብዥታ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች እንኳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተተከሉት፤ እኔ ከሦስተኛ ፎቅ ጣራ ላይ ሆኜ ምን ላምጣ?

ነገሩ የተለወጠው ቀን ላይ ነው። የመንገድ መብራት የማይጋርዳት አንዲት ኮከብ አለች። ርቀቷ 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይበቃዋል። ከእሷ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ ብርሃን ከአራት ዓመት በላይ ይጓዛል። እንዲህ ባለ ትንሽ ቴሌስኮፕ ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ለይተህ የምታይባት ኮከብ እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹን የፈለገህን ያህል ብታጎላቸው ያው ነጥብ ናቸው። ሻጩ ግን ስለ ፀሐይ ትንፍሽ አላለም።

ኧረ ቆይ፣ ብሏል። አንዲት ጥቁር ክብ መስታወት ከዓይን ሌንሶቹ ጋር ታሽጋ መጥታ ነበር፣ «ቦነስ ናት፣ ለፀሐይ» ብሎ ነው የሰጠኝ። የምትገጠመው ዓይን በሚጠጋበት በኩል ነው። እስቲ አስቡት። የፊቱ ሌንስ የሰበሰበው ሙቀት ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው እዚያች ሚጢጢ መስታወት ላይ ነው። ግላ ስትሰነጠቅ ከኋላዋ ያለው የሰው ዓይን ነው። የዓይናችን ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ሲቃጠል ሕመም አይሰማውም፤ የምታውቀው ማየት ሲያቅትህ ነው። ይሄ ነው ቦነሱ? እንዲህ ያለ ነገር ካርቶን ውስጥ ጨምሮ የሚሸጥ አምራች ምን ነክቶት እንደሆነ አንድ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። እኔ በመዶሻ አድቅቄ ነው የጣልኳት፣ ልጆች ከቆሻሻ ውስጥ እንዳያነሷት።

ትክክለኛው ማጣሪያ የሚለበሰው ከፊት ነው፣ ብርሃኑ ገና ቱቦው ውስጥ ሳይገባ። የእኔው ብርማ ስስ ፊልም ነው፤ ከመቶ ሺህ እጅ ብርሃን አንዱን እጅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ አድርጋ አመጣችልኝ፣ ከካርቶን ቆብ ሠራሁለት። ሁሌም ከመግጠሜ በፊት ወደ አምፖል አንስቼ ቀዳዳ ወይም ጭረት እንዳለው አያለሁ። ከጎን የምትገጠመዋን ትንሿን ማነጣጠሪያ ነቅዬ አስቀምጫታለሁ፣ እሷም ሌንስ ናትና ታቃጥላለች። ታዲያ በምን ታነጣጥራለህ ብትሉኝ፣ በጥላ። የቱቦው ጥላ መሬት ላይ አጥሮ አጥሮ ክብ ብቻ ሲቀር ፀሐይ ቱቦው ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። ወዲያው ማየት ነው፣ ምክንያቱም መሬት እየዞረች ስለሆነ ፀሐይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትንሸራተታለች፤ አንድ እጅ ሁሌም ቱቦው ላይ ነው።

ከፊልሙ በስተጀርባ ነጭ ናት። ቢጫም ብርቱካንም አይደለችም። በእርግጥም ነጭ ናት፤ የምናውቀውን ቀለም የሚቀባት የእኛው አየር ነው፣ በተለይ ስትወጣና ስትጠልቅ። ጠርዟ ከመሀሏ ትንሽ ደብዘዝ ይላል። እዚያ ጋ የምናየው ላይ ላዩን፣ ቀዝቀዝ ያለውን ንብርብር ስለሆነ ነው። ከዚያ ነጥቦቹ።

የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ አንድ ጠዋት ጣራ ላይ ምን እንደምሠራ ሊያጣሩ ወጡ። «እስቲ ልየው» አሉ፣ አጎንብሰው አዩ።

«ልጄ፣ መስታወቱ ቆሽሿል። ጥረገው።»

መጠርጠራቸው ልክ ነው። ስለዚህ እያዩ የዓይን ሌንሱን በእጄ አዞርኩት። ሌንሱ ላይ ያለ ቆሻሻ ቢሆን አብሮ በዞረ። ነጥቧ ንቅንቅ አላለችም። ቱቦውን ገፋ ሳደርገው ፀሐይ ወደ ጎን ሄደች፣ ነጥቧም እላይዋ ላይ ሆና አብራ ሄደች። «እንግዲያው እዚያው እሷው ላይ ነው» አሉ ጋሼ። ቀና ብለው መነጽራቸውን ጠራረጉና ደግመው አጎነበሱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲያገኙኝ ሰላምታ ሳይጨርሱ ነው ስለ ነጥቧ የሚጠይቁኝ።

መሀሏ ድቅድቅ ጥቁር ነው፣ ዙሪያዋን ግራጫ ጠርዝ ከቧታል፣ ከኋላዋ ደቃቅ ደቃቅ ነጥቦች ተከትለዋታል። ትንሽ ትመስላለች። ግን ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር 109 መሬቶች ተደርድረው የሚሞሏት ናት። ነጥቧ ከዚያ ስፋት ሃምሳ አንደኛውን ያህል ስለያዘች ሁለት መሬት ጎን ለጎን ትችላለች ማለት ነው።

ለምን ጠቆረች? ከፀሐይ መሀል እንነሳ። እዚያ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ይለወጣል፣ ከዚህ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ጉልበት ሆኖ ይወጣል። ያ ጉልበት ወዲያ ወዲህ እየተላተመ ላይ እስኪደርስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅበታል። ወደ ላይ ሲቀርብ ደግሞ እሳት ላይ እንዳለ ሽሮ መንተክተክ ይጀምራል፤ የጋለው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ነጥቡ ያለበት ቦታ ላይ ግን ኃይለኛ መግነጢስ ይህን እንቅስቃሴ ያፍነዋል፣ ሙቀቱ እንደልቡ አይወጣም። ስለዚህ ዙሪያው 5,500 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሳለ የነጥቡ መሀል ወደ 3,500 ይወርዳል። ጥቁር የመሰለን ጎረቤቱ በጣም ስለበለጠው ነው። ለብቻው ሰማይ ላይ ቢቀመጥ ዓይን ያጠፋ ነበር። መግነጢሱ እዚያ እንዳለ ያሳየው አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1908።

እኔን ግን የያዘኝ መግነጢሱ ሳይሆን ጉዞዋ ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1612 በየቀኑ እየሳለ ያየውን እኔም ደብተር ላይ እየሳልኩ አየሁት። ነጥቧ ቀን በቀን ወደ ጠርዙ ትሄዳለች፣ ጠርዙ ጋ ስትደርስ ትጠባለች፣ ቀጭን መስመር ትሆንና ትጠፋለች። ይህ ራሱ የሚያሳየው ነጥቧ ክብ ነገር ላይ ተለጥፋ እንደምትዞር ነው። ሌላ አካል በፀሐይ ፊት እያለፈ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አትጠብም ነበር። ፀሐይ ጋዝ ስለሆነች እንደ አንድ አካል አትዞርም፤ ወገቧ በ25 ቀን ሲዞር ወደ ዋልታዎቿ ያለው 35 ቀን አካባቢ ይፈጃል። እኛም አብረን ስለምንጓዝ ከዚህ ሲታይ የወገቧ ዙር 27 ቀን ይሆናል። ግማሹን ፊት ለፊታችን፣ ግማሹን ከጀርባ።

ስለዚህ ስትጠፋ ቆጠርኩላት። ደብተሬ ላይ መምጫ ቀኗን ጽፌ ዙሪያውን በቀይ አከበብኩት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት፣ ባሰብኩት ሰሞን፣ በወዲያኛው ጠርዝ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ብቅ አለች። ከስታለች፣ ተከታዮቿን ጥላለች፣ ግን መጥታለች። ጋሼ «አላልኩህም!» አሉኝ፣ ምንም ሳይሉኝ። እሺ፣ ሻጭዬ፣ የትኛው ጋላክሲህ ነው ቀጠሮ የሚያከብረው?

እንዲህ ያለው ነገር እኛን አይነካም የሚል ካለ፣ ሰፈራችን ምስክር ነው። አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲለካ የኖረ ጣቢያ አለ። የምድር የመግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ በዚህም ምክንያት ቀን ቀን ከ100 ኪሎሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ የፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ባደረገው አየር ውስጥ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከአናታችን በላይ ይፈስሳል፣ መሣሪያውም እኩለ ቀን አካባቢ ከፍ ሲል ይመዘግበዋል። ነጥቦቹ አካባቢ መግነጢሱ ሲበጠስ ደግሞ ፍንዳታ ይፈጠራል። ብርሃኑ በ8 ደቂቃ፣ የሚወረውረው ጋዝ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ይደርሰናል። መስከረም 1859 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን ነጥብ ሲስል ፍንዳታውን በዓይኑ አየ፣ በማግሥቱ የቴሌግራፍ መስመሮች ታወኩ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ላይም ከ15 መሬት በላይ የሚሰፋ የነጥቦች ስብስብ በፈጠረው ማዕበል ወትሮ በዋልታዎች አካባቢ ሰማዩን በቀለም የሚያበራው የዋልታ ብርሃን እስከ ሜክሲኮ ድረስ ታይቷል። አገሩን ነው የምለው፣ አደባባዩን አይደለም።

ጉድለቶቹን ቶሎ ልበል። ማቆሚያው ረብ የለውም፣ አሸዋ የሞላሁበት ከረጢት ሥሩ አንጠልጥዬ ነው ትንሽ አደብ የገዛው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ በቀትር አዲስ አበባ አናት ላይ ልክ ትቆማለች፣ ያኔ ቱቦው ወደ ላይ ሲቃና እግሩን ይመታና እምቢ ይላል። የአምራቹ አገር ፀሐይ አናት ላይ አትወጣም መሰለኝ፣ ማንም አላሰበበትም። ረፋዱ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ነጥቦቹ ይርገበገባሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ነው ሰዓቱ። ክረምቱ እንዳለ ኪሳራ ነው።

ሌላም ልትጠይቁ ትችላላችሁ፣ ነጥብ ሁሌ አለ ወይ ብላችሁ። የለም። በ11 ዓመት ገደማ ይበዛል፣ ያንሳል። አሁን ያለንበት ዙር ጣሪያው ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፣ ከዚያ ቁልቁል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አብዛኛውን ቀን ፊቷ ባዶ ነበር። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ቢያስብበት ዛሬ ነው። ነጥብ ባይኖርም ግርዶሽ አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና የታየችውን የምታስታውሱ አላችሁ፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉው ግርዶሽ በግብፅ ሉክሶር ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፣ እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ በከፊል ይታያል። ሐምሌ ነው፣ ደመናው ከፈቀደ ማለት ነው።

መልሼ እገዛው ነበር ወይ? ዛሬ ብትጠይቁኝ አዎ፣ ያለ ምንም ማቅማማት። ነሐሴ ላይ ብትጠይቁኝ ምናልባት እሰድባችሁ ነበር። ለሻጩ ግን የምለው አለኝ፤ ያቺን ጥቁር መስታወት አውጣና ጣል፣ በምትኩ የፊት ማጣሪያ ፊልም አስመጣ፣ ገዢ ሲመጣም ጋላክሲውን ተወውና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣራ ላይ ይዘኸው ውጣ። ለእናንተ ደግሞ፣ ከአክስቴ ልጅ ፊልም የተረፈ ቁራጭ አለኝ፣ ለሁለት ትንንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ሰፈር ያላችሁ መጥታችሁ ውሰዱ፤ ካርቶንና መቀስ ግን ይዛችሁ ኑ፣ የእኔው መቀስ ደንዟል።