«ትራይፍልስ»ን በልብስ ሰፊ ዓይን

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርስ። ትኬቱ 25 ዶላር ነው፤ መኪና ማቆሚያው በነፃ። ድራማው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚፈጀው። ከዚያ ዳይሬክተሯና ተዋናዮቹ ወንበር ይዘው ይወጡና ከተመልካቹ ጋር ይወያያሉ። «ለግማሽ ሰዓት 25 ዶላር?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባለቤቴም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ በገንዘቡ አልተቆጨሁም። የተቆጨሁት በሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

«ትራይፍልስ» («ተራ ነገሮች» እንደማለት ነው) የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሱዛን ግላስፔል ድርሰት ነው። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1916 ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕሮቪንስታውን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የዓሣ ማከማቻ በነበረ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ደራሲዋ ራሷ ከገጸ ባሕርያቱ አንዷን፣ የጎረቤቱን ሚስት ወይዘሮ ሄልን፣ ሆና ተጫውታለች። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት ያረጋገጠው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። እኔ ያየሁት እዚህ ሜሪላንድ፣ ሰፈራችን አጠገብ ባለች ትንሽ ቲያትር ቤት ነው። መጨረሻውን እናገራለሁ። መቶ ዓመት ያለፈው ድራማ ስለሆነ ይቅርታ አልጠይቅም።

ጆን ራይት የሚባል ገበሬ አልጋው ላይ በገመድ ታንቆ ተገኝቷል። ሚስቱ ሚኒ ታስራለች፤ መድረክ ላይ አንዴም አናያትም። ሸሪፉ (የአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ)፣ ወጣቱ ዐቃቤ ሕግና ጎረቤታቸው ሄል ማስረጃ ፍለጋ ወደ ባዶው ቤት ይመጣሉ። የሸሪፉና የጎረቤቱ ሚስቶችም አብረው አሉ፤ ለታሳሪዋ ልብስ ሊወስዱላት። ወንዶቹ የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ ለምን ገደለችው የሚለው። ሸሪፉ ማዕድ ቤቱን ገልመጥ አድርጎ የማዕድ ቤት ዕቃ ብቻ ነው ያለው ይልና ፎቅ ይወጣሉ። ከዚያ በረቱን ያያሉ። ሴቶቹ ማዕድ ቤት ይቀራሉ። የሚፈለገው ሁሉ ያለው እዚያው ነው።

መድረኩን ያሰናዳው ሰው እጁ ይባረክ። ያልታጠበ ድስት፣ በግማሽ ተወልውሎ የተተወ ጠረጴዛ፣ ከማስቀመጫው ውጭ የቀረ ዳቦ። ሥራ ላይ እያለች አንድ ነገር ያቋረጣት ሴት ቤት መሆኑን ማንም ሳይናገር ታውቃላችሁ። ሚኒ እስር ቤት ሆና የምትጨነቀው ምድጃው ጠፍቶ የማርማላታ ጠርሙሶቿ በብርድ እንዳይፈነዱባት ነው። እውነትም ፈንድተዋል፤ የተረፈው አንድ የቼሪ ጠርሙስ ብቻ ነው። ወንዶቹ በነፍስ ግድያ ተይዛ ስለ ማርማላታ ትጨነቃለች ብለው ይስቃሉ። ሴቶች በተራ ነገር መጨነቅ ልማዳቸው ነው የሚለው ደግሞ ሄል ነው። የድራማው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ግን ወንዶቹን የተጫወቱት አጋነኑት። ይጮሃሉ፣ ደረታቸውን ይነፋሉ፣ ሸሪፉማ የኮሜዲ ሸሪፍ ነበር። ተመልካቹ ሳቀባቸው፤ በሳቀባቸው ቁጥር ቀለሉ። ጽሑፉን ሳነበው ሰዎቹ እንዲህ አይደሉም። ዐቃቤ ሕጉ ጨዋ ነው። ያለ ሴቶች ምን ይውጠን ነበር ብሎ ያሞካሻል። ወዲያው ደግሞ የቆሸሸውን ፎጣ አንስቶ ባለቤቲቱ ቤት መያዝ አትችልም ብሎ ይፈርዳል። ወይዘሮ ሄል የወንዶች እጅ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም ብላ ትመልስለታለች።

እኔ ይህን ዓይነቱን ጨዋ አውቀዋለሁ። የምሠራበት ሱቅ ይመጣል። ጫፉ ላይ ዶቃ የተሰፋበት ቀሚስ ያቀብለኝና «ማሬ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ አምስት ደቂቃ አትፈጅብሽም» ይላል። ዶቃው አንድ በአንድ ይነቀላል፣ ጨርቁ ይቆረጣል፣ ይዘመዘማል፣ ዶቃው ተመልሶ ይሰፋል። ከሰዓት በኋላዬ እዚያው ላይ ያልቃል። ሰውየው አልሰደበኝም። ፈገግ እንዳለ ነው ዋጋ የሚከራከረኝ። የድራማው ወንዶች እንዲህ ቢቀርቡ ኖሮ አዳራሹ ውስጥ የሳቀው ሁሉ ራሱን ይጠረጥር ነበር።

አሁን ወደ ተቆጨሁበት ልምጣ። ሚኒ ብርድ ልብስ እየሰፋች ነበር። የእኛን ድሪቶ የመሰለ ነው፤ ግን እራፊው በሥርዓት ይገጣጠማል፤ መሃሉ ላይ አንዲት አራት ማዕዘን፣ ዙሪያዋን ቀጫጭን ቁራጮች። ሴቶቹ ቁራጮቹን ሲያገላብጡ ስፌቱ ሁሉ ልቅም ያለ ነው። የመጨረሻው ብቻ እዚህም እዚያም ሄዷል። ስትሰፋው ምን ያህል ታውካ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሚገባቸው። ወይዘሮ ሄል ደግሞ መጥፎ ስፌት ማየት አልችልም ብላ መተርተርና እንደገና መስፋት ትጀምራለች። ልብ በሉ፣ ማስረጃ እያጠፋች ነው። ወንዶቹ ቢያዩአት እንኳ የሚታያቸው ሴት ስትሰፋ ብቻ ነው።

እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚወጣውን ስፌት አውቀዋለሁ። አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ ክሩ ይወጠርና ጨርቁን ይሸበሽበዋል። በጀርባው ካያችሁት ደግሞ ምንም አይደበቅም። መድረኩ ላይ የነበረው ግን ከሱቅ የተገዛ፣ በመኪና የተሰፋ ብርድ ልብስ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ስፌት። ተዋናይቷ «እዩት፣ ስፌቱ ተበላሽቷል» ስትል እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ ያየሁት ቀጥ ያለ የመኪና ስፌት ነው። መርፌዋ ክር አልነበረውም። ምንም ሳትተረትር በጨርቁ ላይ እጇን ከፍ ዝቅ አደረገች፤ አለቀ።

ቢያማክሩኝ የምነግራቸው ቀላል ነበር። ወፍራም ክር፣ ከጨርቁ የተለየ ቀለም፣ ስፌቱ ጣት የሚያህል፤ የኋላ ረድፍ ያለውም ያየዋል። ሲተረተር ደግሞ ጥብቅ ያለ ክር ድምፅ አለው። ያን ድምፅ በዝምታ መሃል ማሰማት ነበር።

በውይይቱ ላይ እጄን አውጥቼ ብርድ ልብሱን ማን አዘጋጀው ብዬ ጠየቅሁ። ዳይሬክተሯ ከኢንተርኔት እንዳዘዙት ነገረችኝ። «ስፌቱን የሚያይ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም» አለች። ኋላ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ሳቀች። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ፤ ዳይሬክተሯም ጭምር። ማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ አይቻለሁ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባታል።

ወይዘሮ ፒተርስን፣ የሸሪፉን ሚስት፣ የተጫወተችው ልጅ ግን ጎበዝ ናት። በሩ የተሰበረ የወፍ ጎጆ አግኝተዋል፤ ወፍ የለበትም። ኋላ የስፌት ሳጥኑ ውስጥ በሐር ጨርቅ የተጠቀለለች፣ አንገቷ የተጠመዘዘ ካናሪ (የምትዘምር ትንሽ ወፍ) ያገኛሉ፤ ወፏን የገደለው ባልየው መሆኑ ይገባቸዋል። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ትንሽ ልጅ ሳለች ድመቷን አንድ ልጅ በመጥረቢያ እንደገደለባትና ሰዎች ባይዟት ምን ታደርገው እንደነበር ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ነው ያደረገችው። ዳኮታ ሄደው አዲስ መሬት ሲያቀኑ የሞተባትን የመጀመሪያ ልጇንም እንዲሁ። ዐቃቤ ሕጉ የሸሪፍ ሚስት ሕግን ያገባች ናት ብሎ ይቀልድባታል። እሷ ደግሞ ሳጥኑን ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ትታገላለች፤ እምቢ ሲላት ወይዘሮ ሄል ቀምታ ኮቷ ኪስ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ለዚህ ትዕይንት ብቻ ቲያትሩን ደግሜ አየዋለሁ።

መግቢያው ላይ የሚሰጡትን በራሪ ወረቀት አትጣሉት። ነገሩ እውነተኛ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1900 መጨረሻ አዮዋ ግዛት ውስጥ፣ ኢንዲያኖላ ከተማ አጠገብ፣ ጆን ሆሳክ የሚባል ገበሬ በተኛበት በመጥረቢያ ተገደለ። ሚስቱ ማርጋሬት ተከሰሰች። ግላስፔል ያኔ የ24 ዓመት ጋዜጠኛ ነበረች፤ ጉዳዩን የዘገበችው ለአንድ የደ ሞይን ዕለታዊ ጋዜጣ ነው። የፍርድ ሸንጎው (ጁሪ፣ ጥፋተኛ ናት ወይም አይደለችም የሚሉት ተራ ዜጎች) አባላት ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ሴት የሸንጎ አባል መሆን አትችልም ነበር። በ1901 ጥፋተኛ ብለው ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በ1902 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ በ1903 ሁለተኛው ሸንጎ መስማማት አቃተውና ሴትዮዋ ቤቷ ገባች። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ማዕድ ቤት ቆመው የሚያደርጉት ነገር የት እንደሚያርፍ ይታያችኋል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ባለቤቴ «እሺ፣ የሞተው ሰውዬስ? ለወፍ ብሎ ሰው ይገደላል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ራይት አይጠጣም፣ ቃሉን ይጠብቃል፣ ዕዳውን ይከፍላል። መታት የሚል አንድም ቃል የለም። ግን ልጅ የላቸውም፤ ሚኒ በመዘምራን መሃል ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሰማያዊ ሪባን አድርጋ ትዘምር የነበረች ልጅ ናት፤ መዝሙሩም ቀርቷል። ስልክ እናስገባ ሲሉት ሰው ወሬ ያበዛል ብሎ እምቢ አለ። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያላት ወፏ ብቻ ነበረች። ግድያው ልክ ነው አላልኩትም። ምክንያቱ ፎቅ ላይ አልነበረም ነው ያልኩት። እስከ ቤታችን ድረስ ተከራከርን፤ አሁንም አልተስማማንም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጽሑፉን አስቀድማችሁ አንብቡት። የደራሲ መብቱ ጊዜው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። የገጠር እንግሊዝኛቸው ቃል ይውጣል፤ የትርጉም ጽሑፍም የለም። ከፊት ሦስት ረድፎች ውስጥ ተቀመጡ። ለድራማው አምስት ኮከብ፣ ለማዕድ ቤቱ አምስት፣ ለሴቶቹ ተዋናዮች አራት፣ ለወንዶቹ ሁለት። ለብርድ ልብሱ ምንም። ለሚቀጥለው ዙር እኔ እሰፋላችኋለሁ ብዬ ስልኬን ትቼላቸው መጥቻለሁ፤ ዋጋዬንም አብሬ ጽፌ።