ናይኪ ኢንዶር ናሽናልስ፣ ኒው ዮርክ፦ ለዱላ ቅብብል ከሆነ ሂዱ

ልጃችሁ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትሮጥ ከሆነ፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ስለዚህ ውድድር መስማታችሁ አይቀርም። በየዓመቱ መጋቢት ውስጥ ከመላ አገሪቱ የመጡ ተማሪዎች የሚገናኙበት የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ነው። እኛ በ2025 ከሜሪላንድ ሄድን። ስፍራው አርመሪ የሚባለው የማንሃተን አዳራሽ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጃችሁ ለአንድ የግል ሩጫ ብቻ የምትሄድ ከሆነ ደግማችሁ አስቡበት። ሆቴል፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ ሁሉ ተከፍሎ ሩጫው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጥግ ይዛ ሰዓቷን ስታሰላ ትውላለች። ለዱላ ቅብብል ከሆነ ግን ከሌሎቹ ወላጆች ጋር አዋጥታችሁም ቢሆን ሂዱ።

የልጄ ቡድን የገባው ዲስታንስ ሜድሌይ በሚባለው የዱላ ቅብብል ነው። አራቱ ልጆች የሚሮጡት እኩል ርቀት አይደለም፤ የመጀመሪያዋ 1200፣ ሁለተኛዋ 400፣ ሦስተኛዋ 800፣ የመጨረሻዋ 1600 ሜትር ትሮጣለች። የአርመሪ መም ዙሩ 200 ሜትር ስለሆነ 6፣ 2፣ 4 እና 8 ዙር ማለት ነው። ይህን በቃላችሁ ያዙት፤ አለዚያ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ማን የትኛው ዙር ላይ እንዳለች ይጠፋባችኋል።

ኩርባዎቹ ወደ ውጭ ከፍ ብለው ያጋደሉ ናቸው። በውጭ በኩል ለማለፍ የፈለገች ሽቅብ መውጣት አለባት፤ ከላይ ጸንታ የቆየች ደግሞ ወደ ቀጥታው ስትገባ ቁልቁለቱ ይገፋታል። ዱላ ተቀባዮቹ የሚሰለፉት በሚመጡት ጓደኞቻቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ተራው በተለወጠ ቁጥር ዳኞቹ ያቀያይሯቸዋል። ልጄ 800 ሜትሩን ስትረከብ ዘጠነኛ ነበረች። ሁለት ዙር ዝም ብላ ተከተለች፤ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ሦስተኛው ዙር ላይ ኩርባውን ወጥታ ሁለቱን ባንድ ላይ አለፈቻቸው፤ በመጨረሻው ዙር አንዷን ደገመች። እኔ "በርቺ! አይዞሽ! በርቺ!" ስል ከኋላዬ አንድ አባት "የኛ ልጅ ናት እንዴ?" አሉና መልሴን ሳይጠብቁ አብረውኝ ይጮኹ ጀመር። ዱላውን አስረክባ መሬት ላይ ተዘረረች፤ ወዲያው ግን ተነሥታ የጓደኛዋን ስም ስትጣራ አየኋት። አገር ቤት፣ ማለቴ ካውንቲያችን ውስጥ፣ ባዶ ወንበር ፊት ብቻዋን ስትመራ ነው የለመድኳት። በግፊያ መሀል መሮጥን፣ ሌላዋን ተማምኖ ማስረከብን የተማረችው እዚህ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ መም ሌላም ትርጉም አለው። እኛ ከመድረሳችን አንድ ወር ገደማ በፊት፣ እዚሁ አርመሪ በሚካሄደው ሚልሮዝ ጌምስ በተባለ ውድድር፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ወላጆች ልጅ የሆነው ያሬድ ንጉሤ ማይሉን በ3:46.63 ሮጦ የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮበታል። በቀናት ውስጥ ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን ቢወስደውም ያሬድ ያሬድ ነው፤ ሉዊቪል ኬንታኪ አድጎ እንደ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቡድን የሮጠ ልጅ ነው። ዮሚፍ ቀጀልቻም በ2019 እዚሁ 3:48.46 ሲሮጥ ክብረ ወሰኑ ያመለጠው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነበር። ለቨርጂኒያ ልጆች ደግሞ አለን ዌብ አለላቸው፤ በ2001 ገና ተማሪ ሳለ እዚህ 3:59.86 ገብቶ፣ በቤት ውስጥ ማይልን ከአራት ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆነ። ለልጄ ይህን ሁሉ ከሩጫው በፊት ነገርኳት። "እማዬ፣ አሁን አይደለም" አለችኝ፤ ከሩጫው በኋላ ግን ራሷ ጠየቀችኝ።

ሕንፃው ራሱ ታሪክ አለው። የወታደር ግምጃ ቤት ሆኖ የተሠራ ነው፤ በ1980ዎቹ ቤት የሌላቸው ወንዶች በብዙ መቶዎች እየሆኑ ወለሉ ላይ ያድሩበት ነበር። እንደገና ለሩጫ የበቃው በ1990ዎቹ ነው። የአሜሪካ አትሌቲክስ የዝና አዳራሽም እዚያው ውስጥ ስለሚገኝ፣ በሩጫዎች መሀል ያለውን ረጅም ጥበቃ እዚያ አሳልፉት።

መንገዱ ቀላል ነው። ከፔን ስቴሽን ኤ ባቡር ይዛችሁ 168ኛ ጎዳና ትወርዳላችሁ፤ አዳራሹ ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ነው። መኪና ይዛችሁ አትግቡ፣ ማቆሚያ ፍለጋ ያሰለቻችኋል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ምግብ አሳስቦኝ ነበር፤ ሰፈሩ የዶሚኒካኖች በመሆኑ ብሮድዌይ ላይ ሩዝ፣ ባቄላና የተጠበሰ ፕላንቴን (ሙዝ መሳይ ነው) በየቦታው አለ። ባቄላው ሥጋ እንዳልገባበት ግን ጠይቁ።

አየሩን አትናቁት። የቤት ውስጥ መም አየር ደረቅ ስለሆነ ልጆቹ ሩጫቸውን ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን እየከረከራቸው ያስላሉ። እኔ ዝንጅብል በማር አፍልቼ በቴርሞስ ይዤ ነበር፤ አራቱም ተካፈሉት። የስፓይኩን፣ ማለትም የመሮጫ ጫማውን፣ ጥርስ ርዝመት አስቀድማችሁ ከአሠልጣኙ ጋር አጣሩ፣ ረጅሙ መሙ ላይ አይፈቀድም። ብዙዎቹ ልጆች የትምህርት ቤታቸው የውድድር ወቅት ስላለቀ በክለብ ስም ነው የሚሮጡት፤ ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ስም ዝርዝሩ ላይ ብታጡት አትደንግጡ።

ስኮላርሺፕ ይገኝበታል ብላችሁ ልጁን አታስጨንቁት። የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች ሰዓቱን ከየትም ሆነው ያዩታል። ለመግባት የሚጠየቀውን ሰዓት አስቀድሞ ማምጣት ስለሚያስፈልግ፣ የቅብብሉ አራት ልጆች በታኅሣሥ ተለይተው ቢታወቁ ጥሩ ነው። የኛዎቹ ለሚቀጥለው 4 በ800 (አራቱም 800 ሜትር የሚሮጡበትን ቅብብል) እንሞክራለን ብለው ከወዲሁ ተስማምተዋል፤ እኛ ወላጆችም የሆቴሉን ወጪ ለአራት ለመካፈል ተነጋግረናል።