«የገደል ቤቶቹ ትኬት ተካትቷል» ለሚሏችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ወገኖች፣ ለሰመር ቤተሰብ ይዛችሁ ሜሳ ቨርዴ፣ ገደል ውስጥ የተሠሩ ጥንታዊ ቤቶች ያሉበት የኮሎራዶ ብሔራዊ ፓርክ፣ ለመሄድ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ። በተለይ ፓኬጅ ልትገዙ ከሆነ።

እኛን ያስከፈለን በቴሌግራም ጉዞ የሚሸጥ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም። «ሆቴል፣ መግቢያ፣ የገደል ቤቶቹ ጉብኝት፣ ሁሉም አለበት» አለን። ለመግቢያና ለጉብኝቱ ብቻ በነፍስ ወከፍ 95 ዶላር ተቀበለ። አምስት ነበርን። ፓርኩ ስንደርስ የተገዛልን የመኪና መግቢያ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱ ደግሞ በሰመር 30 ዶላር ነው። ለሰው ሳይሆን ለመኪናው፣ ያውም ለ7 ቀን።

ሻጮቹ የሚጫወቱት እዚህ ላይ ነው። ፓርኩ መግባትና ገደሉ ውስጥ ወዳሉት ቤቶች መውረድ ለየብቻ ናቸው። ክሊፍ ፓላስ የሚባለው ትልቁ፣ 150 ያህል ክፍል ያለው፣ የፑዌብሎ ሕዝቦች (የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው) አያት ቅድመ አያቶች ከ700 ዓመት በፊት ትተውት የሄዱት መንደር፣ ከሬንጀር፣ ከፓርኩ ጠባቂና አስጎብኚ፣ ጋር ካልሆነ አይገባም። ሰዓት የተጻፈበት ትኬት ያስፈልጋል። ዋጋው ስንት መሰላችሁ? 8 ዶላር። የሚሸጠው በመንግሥቱ የሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ገጽ ላይ ነው፤ ሽያጩ የሚከፈተውም ከጉብኝቱ 14 ቀን ቀደም ብሎ፣ በኮሎራዶ ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ 8 ማለት ነው። ሰመር ላይ ቶሎ ያልቃል።

እንግዲህ አስቡት። ከሁለት ወር በፊት «ትኬታችሁ እጄ ላይ ነው» ያለን ሰው ገና ለሽያጭ ያልወጣ ነገር ነው የሸጠልን።

ትኬት የሌለው ሰው ከማዶ ካለው መመልከቻ ቆሞ ያያል። እውነቱን ለመናገር እይታው ግሩም ነው። ግን ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ሰውየው ስንደውልለት ምን አለ? «ያያችሁት እኮ እሱኑ ነው!»

ማስታወቂያው ላይ የለጠፈው ፎቶ ደግሞ የባልኮኒ ሃውስ፣ የሌላው የገደል ቤት፣ ነው። እዚያ 10 ሜትር ገደማ የሚሆን መሰላል ይወጣል፤ ወርዱ 45 ሴንቲሜትር ብቻ በሆነ ቀዳዳም በእንብርክክ ይታለፋል። ደብረ ዳሞን በገመድ የወጣ ይስቅብን ይሆናል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቴ ግን የሚሆን አልነበረም። ስለ ዕድሜም ስለ ጤናም አልጠየቀንም። «በራሳችሁ ትገቡበታላችሁ» ያለን ስፕሩስ ትሪ ሃውስም ድንጋይ ስለሚናድ ከ2015 ጀምሮ ዝግ ነው። ያለ ትኬት በራስ የሚኬድበት ስቴፕ ሃውስ ነው፤ ወደ እሱ የሚወስደው የዌዘሪል መንገድ ክፍት በሚሆንበት ወቅት።

ሆቴሉ «ፓርኩ ደጃፍ» ተብሎ ዱራንጎ ከተማ ሆነ። እስከ ፓርኩ በር ብቻ 35 ማይል ያህል ነው፤ ከበሩ እስከ ክሊፍ ፓላስ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ኮርቴዝ ብታድሩ ይሻላል፣ 10 ማይል ቢሆን ነው።

መንገዳችሁን ወደ አሪዞና በረሃ ከቀጠላችሁም ተጠንቀቁ። በነባሮቹ የናቫሆ ሕዝብ ምድር ያለው የካንየን ደ ሼይ ሸለቆ «መግቢያ» ተብሎ ዝርዝራችን ውስጥ ተጽፎ ነበር። መግቢያ የለውም፣ ነጻ ነው። ወደ ሸለቆው ግርጌ ለመውረድ ናቫሆ አስጎብኚ ያስፈልጋል፤ ሒሳቡንም ራሳችሁ ከእሱ ጋር ትነጋገራላችሁ።

ፓኬጅ የግድ ከሆነባችሁ፣ የገደል ቤቱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሪዘርቬሽኑን ቁጥር አሳየኝ በሉት። ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ገንዘብ በሚላክበት በዜል አትክፈሉ። እኛ የሆቴሉን በክሬዲት ካርድ ስለከፈልን ለባንኩ አመልክተን የተወሰነውን አስመለስን፤ በዜል የላክነው ግን እስከዛሬ አልተመለሰም። ሰውየውም ስልክ አያነሳም። ቻናሉ ላይ ግን የመስከረም ጉዞ እያስተዋወቀ ነው፣ «ትኬት ተካትቷል» ብሎ።