ለመብላት ብቻ ቢኬድ፦ ሐረር ወይስ ሐዋሳ?

የሦስት ቀን ዕረፍት አለ። ገንዘቡ ለአንድ ጉዞ ብቻ ይበቃል። ዓላማው ደግሞ መብላት ነው። እኔን ብቻዬን ሂድ ብትሉኝ ሳላቅማማ ሐረር እላለሁ። የሁሉም ሰው መልስ ግን አንድ አይሆንም። ማንን ይዛችሁ እንደምትሄዱና ወቅቱ ጾም መሆን አለመሆኑ ነገሩን ይለውጠዋል።

መጀመሪያ መንገዱ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በጠዋት የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል፤ መሃል ላይ ዝዋይ ወረድ ብሎ ዓሣ መቅመስም ይችላል። ሐረር ራቅ ትላለች። በአውሮፕላን እስከ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ፣ ሐረማያን አልፋችሁ ትገባላችሁ። የአውሮፕላን ቲኬቱ ጉዞውን ያስወድደዋል። ከደረሳችሁ በኋላ ግን ምርጥ ምርጡ ምግብ መንገድ ዳር ስለሆነ ኪስ ብዙም አይጎዳም። ወደየትም ብትሄዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የተጓዘ ሰው ፈልጋችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ሐረር ላይ ቁርስ እንዳያመልጣችሁ። ፉሉ በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ተሠርቶ ከትኩስ ዳቦ ጋር ይመጣል። ፈጢራው ግን ሲሠራም ቆማችሁ እዩት። ሠሪው ሊጡን ዘይት በጠጣ ጠረጴዛ ላይ እየመታ ይዘረጋዋል፤ ከሥሩ ያለው እስኪታይ ድረስ ይሳሳል። የተመታ እንቁላል ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር መሃሉ ላይ ያፈስበታል። አራቱን ጠርዝ አጥፎ ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ያገላብጠዋል። ቆራርጦ ሲሰጣችሁ ማር ጨምሩበት። ጨዋማው እንቁላል፣ የሚያቃጥለው ቃሪያና ማሩ አፍ ውስጥ ሲገናኙ፣ ለእሱ ብቻ እዚያ ድረስ መሄድ ያስቆጫል ብዬ አላምንም።

ከቁርስ በኋላ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል ግቡ። ግድር መገላ በሚባለው ገበያ ያለው ሥጋ ተራ ላይ ጭላቶች ከላይ ተወርውረው ከሰው እጅ ሥጋ ይነጥቃሉ፤ ፌስታላችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። የግመል ሥጋ እዚህ ብርቅ አይደለም። ሑልባት መረቅ የሚባለው በአብሽና በሥጋ የሚሠራ ሾርባ ደግሞ የሐረሪዎች የቤት ምግብ ነው። ጀጎል ውስጥ ባህላዊ ቤታቸውን የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ዘንድ ካረፋችሁ ከዋዜማው ጠይቁ። ሆጃም እንዲያፈሉላችሁ ንገሯቸው፤ ከቡና ቅጠል ወይም ገለባ ተፈልቶ ወተት ይገባበታል።

ሐዋሳ ላይ ጉዳዩ ዓሣ ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል በጠዋት ውረዱ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከመረብ እየተፈታ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀቱ እስኪጣልላቸው አጠገባችሁ ቆመው ይጠብቃሉ። ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ፣ ሙሉውን ተጠብሶ፣ በዳጣ የሚበላው ዓሣ ይበልጥብኛል። ሾርባውም አይታለፍ። ጥሬ ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ለልጆች በፍጹም አልመክርም። ከዓሣ ሌላ የሲዳማን ምግብ ቡርሳሜን ፈልጉ። ከእንሰት የተሠራ ዋሳ በቅቤ ታሽቶ፣ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፤ ትንሽ በልታችሁ ትጠግባላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው መለያ ልምጣ። ቡድናችሁ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለ፣ ሐዋሳ ትቀላለች። የማን ሥጋ ቤት ነው የሚል ጥያቄ ዓሣ ላይ አይነሳም፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ሐረር ላይም ፉልና ፈጢራ ያንኑ ያደርጋሉ፣ ሥጋው ጋ ሲደረስ ግን ገበታው ይለያያል። ልጆችና አዛውንት ያሉበት ቤተሰብም፣ በተለይ ከውጭ ለዕረፍት የመጣ፣ ለሐዋሳ ቢወስን ይሻለዋል። ከተማው ሜዳ ነው፣ የሐይቁ ዳር መናፈሻ ነው። የጀጎል ጠባብ መንገዶች ግን ዳገትና ቁልቁለት አላቸው፤ ጉልበት ይፈልጋሉ።

በጾም ወቅት፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ዓሣ ለሚበላ ሰው ሐዋሳ ናት። ለማይበላው ደግሞ የሐረር ፉል አለለት። በረመዳን ሐረር ቀን ቀን ጭር ትላለች፤ ከመግሪብ በኋላ ግን ሳምቡሳው፣ ቴምሩና ሾርባው ይወጣል። ከኢድ በኋላ የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል ላይ ከደረሳችሁ ከተማዋን በሙሉ ድምቀቷ ታገኟታላችሁ። ሐዋሳን በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ማየት የፈለገ ቀኑን አስቀድሞ ያጣራ፤ አያንቱ የሚባሉ የሲዳማ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው የሚወስኑት ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ሐረርን ከመረጣችሁ እዚያው እደሩ፤ ድሬዳዋ አድሮ መመላለስ ቁርሱንም ምሽቱንም ያስመልጣል። ድሬን ለመመለሻው ቀን አቆዩአት። በጠዋት ወርዳችሁ ሙቀቱ ሳይበረታ ቀፊራ ገበያን ዞር ዞር በሉበት፣ ከዚያ ወደ አየር ማረፊያ።