ከቺቪታቬኪያ ወደ ሮም፦ የመርከቡ ጉብኝት፣ የግል ሚኒባስ ወይስ ባቡር?

በሜዲትራኒያን የክሩዝ ፕሮግራም ላይ «ሮም» ተብሎ የተጻፈው ቀን መርከቡን ሮም አያደርሰውም። መርከቡ የሚቆመው ከከተማዋ በሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ቺቪታቬኪያ ነው። ወደቡ ራሱ ታሪካዊ ነው፤ ያስጀመረው የሮማው ንጉሠ ነገሥት ትራያን ሲሆን፣ በባሕሩ ዳር የሚታየው ትልቅ ምሽግ ደግሞ በማይክል አንጄሎ ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ተሳፋሪ የመጣው ሮምን ለማየት ነው። ያ 80 ኪሎ ሜትር ደግሞ ሁሉንም ይወስናል። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት «በዚህ መንገድ ብሄድ ሮም ውስጥ ስንት ሰዓት ይቀረኛል?» ብለው ይጠይቁ።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መርከቡም ባቡሩም የሚሠሩት በ24 ሰዓት ነው። ከቤተሰብ ጋር ሲቀጣጠሩ «9 ሰዓት ላይ» ማለት ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ ሊሆን ስለሚችል የመመለሻውን ሰዓት 15:00 ብለው ጽፈው ለእያንዳንዱ ይስጡት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። መርከቡ 7:00 ቢደርስ ሰው መውረድ የሚጀምረው 7:30 ገደማ ነው። 19:00 የሚነሣ መርከብ ተሳፋሪው ሁሉ ገብቶ እንዲያልቅ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ 18:00 እንበል። ለመዘግየት የአንድ ሰዓት መጠባበቂያ ከያዙ 17:00 ላይ ወደብ መድረስ አለብዎት። መንገዱ እስከ 1 ሰዓት ከ45 ስለሚወስድ፣ እንግዲህ ከሮም የሚነሡት ቢዘገይ 15:15 ነው። ጠዋት 9:15 ሮም ከገቡ በእጅዎ ያለው 6 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ኮሎሲየምን እና የቫቲካን ሙዚየምን ተረጋግቶ ለማየት አይበቃም። ከሁለቱ አንዱን መርጠው በቀረው ጊዜ በእግር ቢዞሩ ይሻላል።

የመርከቡ ጉብኝት

በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ ልዩነቱን ሳያውቁ የሚገዙ ብዙ ናቸው። አንደኛው አስጎብኚ፣ መግቢያ ቲኬት እና አንዳንዴም ምሳ ያለበት የሙሉ ቀን ጉዞ ነው፤ ዋጋው በአብዛኛው በሰው ከ150 እስከ 250 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛው አውቶቡስ ብቻ ነው፦ ከወደቡ ወስዶ ሮም ያወርድዎታል፣ በተባለው ሰዓት እዚያው ቦታ ያነሣዎታል፤ በመሐል ያለው ቀን የራስዎ ነው። ዋጋውም የመጀመሪያው ግማሽ ገደማ ነው።

የሁለቱም ዋና ጥቅም አንድ ነው። አውቶቡሱ በትራፊክ ቢያዝ የመርከቡ ሰዎች ስለሚያውቁ ይጠብቃሉ፤ ካልጠበቁም ወደሚቀጥለው ወደብ የሚያደርሱዎት በራሳቸው ወጪ ነው። ይህ ዋስትና ከመርከቡ ውጭ በተገዛ ጉዞ ላይ የለም።

ጉድለቱ ደግሞ ይህ ነው። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ከ1 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ከ45 ይወስዳል። ቡድኑ ከ40 ሰው በላይ ሲሆን የሚራመደው በዘገምተኛው ሰው ፍጥነት ነው። ትልልቅ አውቶቡሶች ወደ መሐል ከተማ እንደልብ ስለማይገቡ ከሚወርዱበት ቦታ ወደ ሐውልቶቹ በእግር መሄድ አለ፤ ጉልበት ለሚያማቸው እናት ወይም አባት ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። መግለጫውንም በጥንቃቄ ያንብቡ፦ «ፓኖራሚክ» ካለ ኮሎሲየምን ከአውቶቡስ መስኮት ያያሉ ማለት ነው። ውስጥ የሚገቡት «መግቢያ ተካትቷል» ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው። ምሳ ያለበት ጉዞም ከስድስቱ ሰዓት አንዱን ተኩል ይበላል፤ ለሚጾም ሰው ደግሞ የተዘጋጀው ምግብ ብዙ ጊዜ ሥጋ ወይም አይብ አለበት።

የግል ሚኒባስ ከሾፌር ጋር

ስምንት ሰው የሚይዝ መኪና ለ8 እስከ 10 ሰዓት በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ዩሮ ይጠየቅበታል። ለሁለት ሰው ውድ ነው። ስምንት ሆነው ከሄዱ ግን በሰው ከ60 እስከ 100 ዩሮ ይደርሳል፤ ይኸውም መርከቡ ከሚሸጠው «አውቶቡስ ብቻ» ጋር የሚቀራረብ ዋጋ ነው። ፈቃድ ያላቸው ሾፌሮች ተራ መኪና ወደማይገባባቸው የመሐል ከተማ መንገዶች ስለሚገቡ የትሬቪ ፏፏቴ፣ ፓንቴዮን እና ኮሎሲየም አጠገብ ያወርዳሉ። ለአረጋውያን እና ለትንንሽ ልጆች ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው።

ሾፌር አስጎብኚ እንዳልሆነ ይወቁ። በጣሊያን አስጎብኚነት የራሱ ፈቃድ አለው፤ ሾፌሩ በመንገድ ላይ ቢያወራም ኮሎሲየም ውስጥ ገብቶ አያስረዳም። ሲስማሙ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይያዙ፦ መርከቡ በማዕበል ምክንያት ወደቡን ቢዘል ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ የሚቀበልዎት መርከቡ ሥር ይሁን ወይስ ከወደቡ በር ውጭ፣ የልጅ መቀመጫ መኖሩን። ሙሉውን ክፍያ አስቀድመው አይላኩ።

ባቡር

በዋጋ የሚወዳደረው የለም፤ የክልሉ ባቡር በአንድ አቅጣጫ 5 ዩሮ ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ስለሆነ በዝርዝር እንሂድበት።

ከመርከቡ ሲወርዱ የወደቡ ነጻ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው ቦታ ይወስድዎታል። ከዚያ እስከ ባቡር ጣቢያው በከተማ አውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ፣ በባሕሩ ዳር በእግር 25 ደቂቃ ገደማ ነው። የወረቀት ቲኬት ከገዙ ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ግድግዳ ላይ ባለችው ማሽን ያስመቱት። ያልተመታ ቲኬት ይዞ የተገኘ፣ ገንዘቡን ቢከፍልም ይቀጣል። በስልክ የተገዛው ደግሞ ሲሳፈሩ በተላከልዎት ሊንክ «ቼክ ኢን» መደረግ አለበት። የክልሉ ባቡር ቲኬት ኢንተርሲቲ በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ አይሠራም።

የት መውረድ እንዳለብዎት አስቀድመው ይወስኑ። መንገደኛው በሙሉ የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ እስከሆነው ተርሚኒ ድረስ ይሄዳል፤ ግን አያስፈልግም። ለቫቲካን ሳን ፒየትሮ ይውረዱ፤ ከወደቡ ከተማ 50 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከጣቢያው እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ 15 ደቂቃ በእግር። ለኮሎሲየም ኦስቲየንሴ ይውረዱና አጠገቡ ካለው ፒራሚዴ ጣቢያ ሜትሮ ቢ ይያዙ፤ ሁለተኛው ማቆሚያ ኮሎሴዮ ነው። የሜትሮ ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ የባንክ ካርድ በሩ ላይ ቢያስነኩም ይከፍታል።

ሲመለሱ ከተርሚኒ የሚነሡ ከሆነ የቺቪታቬኪያ ባቡር ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከ25 ቁጥር በላይ ባሉት ሩቅ ሐዲዶች ነው። ከዋናው አዳራሽ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያስሄዳል። ባቡር የሚያመልጣቸው አብዛኞቹ ጣቢያው ውስጥ እያሉ ነው የሚያመልጣቸው።

ትልቁ ስጋት አድማ ነው። በጣሊያን የባቡር ሠራተኞች አድማ ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል፤ በሥራ ቀን ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የተወሰኑ ባቡሮች እንዲሄዱ ሕጉ ያስገድዳል። ለክሩዝ ተሳፋሪ ይህ ወጥመድ ነው፦ ጠዋት ያለችግር ይሄዳሉ፣ መመለሻው ግን መርከቡ ከዘጋ በኋላ ነው። የአድማ ቀን ከሆነ ባቡሩን ይተዉት።

በየትኛውም ቢሄዱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጣሊያን ለመውረድ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ አይተካውም። መርከቡ በመሐል ወደ ቱርክ ወይም ሌላ ከሸንገን ውጭ ያለ አገር ገብቶ የሚመለስ ከሆነ ቪዛው ብዙ ጊዜ መግባት የሚፈቅድ መሆን አለበት። ጉዞውን ከመክፈልዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

የኮሎሲየም ቲኬት ስም ይጻፍበታል፤ በር ላይ መታወቂያ ይታያል። መደበኛው ዋጋ 18 ዩሮ ሲሆን ሽያጩ የሚከፈተው 30 ቀን ሲቀረው ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የቫቲካን ሙዚየም እሑድ ዝግ ነው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነጻ ይከፈታል፣ ወረፋው ግን ቀኑን ይበላል። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉ ከሆነ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እስከ ቀትር አይገባም። ባዚሊካው መግቢያ አይከፈልበትም፤ ትከሻና ጉልበት ግን መሸፈን አለበት። ቦርሳ ውስጥ የተጣጠፈች ነጠላ ለዚህ ከምንም ትሻላለች።

ለጾመኛ ፒዛ ማሪናራ ይዘዙ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ እና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም።

ባቡሩን ወይም ሚኒባሱን የመረጠ ኢትዮጵያዊ፣ በየትኛውም የመርከብ ጉብኝት ውስጥ የማይገኙ ሁለት ቦታዎችን ማየት ይችላል። ከተርሚኒ ጥቂት ደቂቃ በእግር፣ በ1887 በራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች የቆመው ሐውልት አለ። ዛሬ አዲስ አበባ ለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ የቆየው እዚህ ሥር ነበር። ከኮሎሲየም 15 ደቂቃ ያህል የሚያስሄደው የፖርታ ካፔና አደባባይ ደግሞ በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ የቆመበት ነው። ለሁለቱም ቲኬት አይቆረጥም፣ ወረፋም የለም። ለልጆች ለማሳየት ከትሬቪ ግማሽ ሰዓት ቀንሶ ወደዚያ መሄድ ያዋጣል።

ለማን የቱ?

ሁለት ጤነኛ ጎልማሶች ከሆናችሁና አድማ ከሌለ ባቡሩን ውሰዱ፤ የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ አስጎብኚ ለሁለት ሰዓት ለመቅጠር አውሉት። አያት፣ ሕፃናት እና ዘመድ አንድ ላይ ሆነው ስድስት ሰባት ሰው ከሞላ ሚኒባሱ ይሻላል። ሮምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ፣ ብቻውን ያለ ወይም መርከብ ያመልጠኛል ብሎ ቀኑን በጭንቀት የሚያሳልፍ ሰው አውቶቡስ ብቻ የሚለውን ይግዛ፤ ዋስትናው ያው ነው፣ ዋጋው ግን ግማሽ። አስጎብኚ ያለበትን ውድ ጉዞ የምንመክረው የኮሎሲየም ወይም የቫቲካን ቲኬት አልቆ በመርከቡ በኩል ብቻ ሲገኝ ነው። ከ8 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወደብ ላይ የሚቆም መርከብ ከሆነ ሮም ደርሶ መልሱ አያዋጣም፤ ምሽጉንና የባሕሩን ዳር እያዩ ቺቪታቬኪያ ይዋሉ።

በራስዎ ከወጡ፣ በየዕለቱ ካቢንዎ በሚገባው የመርከቡ ጋዜጣ ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ ቁጥር አለ። ከመውረድዎ በፊት ፎቶ ያንሡት። መርከቡ ጥሎዎት ቢሄድ የመጀመሪያው ስልክ የሚደወለው እዚያ ነው።